ሽጉጥ በማይያዝበት ቦታ ምን ይያዛል? የስፕሬይ፣ የአላርም፣ የባትሪና የሌሎች መከላከያዎች ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ1983 ዴኒስ ቱለር የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሠልጣኝ አንድ ቀላል ነገር ለክቶ ነበር፦ ስለት የያዘ ሰው 6.4 ሜትር ያህል ሮጦ ሌላው ላይ ለመድረስ 1.5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ራስን ለመከላከል የሚገዛ ዕቃም መመዘን ያለበት በዚህች ሰከንድ ተኩል ነው። ዚፕ ተከፍቶ፣ ቦርሳ ተበርብሮ የሚወጣ ነገር ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን አይደርስም። ሽጉጥ ለማይፈቀድለት ሰው ገበያው የሚያቀርበው ብዙ ነው፤ ግማሹ ግን ይህን ፈተና አያልፍም። እዚህ የታየው እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል ቶሎ እጅ ላይ እንደሚውልና ከሠራ ለመሸሽ ስንት ሰከንድ እንደሚያስገኝ ነው።

ሕግ በሚፈቅድበት አገር ቀዳሚው የበርበሬ ስፕሬይ ነው። ሳይጠጉ ይሠራል፣ ጉልበት አይጠይቅም፣ ዓይንን በግድ ያስጨፍናል፣ ያስላል፤ ቃጠሎው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቆይቶ ይበርዳል። ችግሩ የሚጀምረው ማሸጊያው ላይ ካሉት ቁጥሮች ነው። በትልልቁ «2 ሚሊዮን ስኮቪል» (የማቃጠል ኃይል መለኪያ) ተብሎ የሚጻፈው የበርበሬው ዘይት ከመበረዙ በፊት ስላለው ኃይል ነው። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ ንጹሑ 16 ሚሊዮን ስኮቪል ገደማ ስለሆነ፣ ከጠንካሮቹ የሚቆጠረው ባለ 1.33 በመቶ ስፕሬይ እንኳ ሲሰላ ወደ 210 ሺህ ይወርዳል። «ኦሲ 10 በመቶ» የሚለውም የዚሁን የበርበሬ ዘይት ብዛት እንጂ የማቃጠል አቅሙን አይናገርም፤ ብዙ ደካማ ዘይት ከጥቂት ኃይለኛ ዘይት ያነሰ ሊያቃጥል ይችላል። መፈለግ ያለበት «ሜጀር ካፕሳይሲኖይድስ» (ዋና ዋናዎቹ አቃጣይ ንጥረ ነገሮች) የሚለው መቶኛ ነው። ከሰው ጥቃት ለመከላከል የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ በ0.18 እና በ1.33 መካከል ናቸው። 1 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ፤ ቁጥሩ ጨርሶ ያልተጻፈበትን ይተዉት።

አወጣጡም ይለያያል። እንደ ጉም የሚበተነው ለማነጣጠር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ነፋስ ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል፣ ክፍል ውስጥ ከተረጨም በውስጡ ያለውን ሁሉ ያስላል። በቀጭን ዥረት የሚወጣው 3 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ነፋስም ብዙ አያንገላታውም፤ ፊት ላይ ማሳረፍ ግን ግድ ነው። ጄሉ ከሁሉም ይርቃል፣ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ አለ፣ ያረፈበት ላይም ይጣበቃል። አየር ላይ ስለማይንሳፈፍ ለመኪና፣ ለሊፍትና ለጠባብ ኮሪደር ተመራጭ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ ዓይን ከሳተ በትንፋሽ ስለማይገባ ብዙም አያስቸግርም። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው፣ ትንሽ ከተለማመደ፣ ጄሉን ይግዛ።

ቁልፍ ላይ የምትንጠለጠለው ባለ 15 ግራም ጣሳ የትም አብራ ትሄዳለች፤ ጥቅሟ ይኸው ነው። የ50 እና የ60 ግራሙ የተሻለ ይረጫል፣ እጅንም ይሞላል፣ ግን ከብዶ ቤት የሚቀር ከሆነ ምን ያደርጋል? አያያዝ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንደ ሽቶ በሌባ ጣት መጫን ጣሳዋን ላልቶ ያስይዛታል፤ አንድ ምት ካረፈባት ትበራለች። አራቱ ጣቶች ጥብቅ አድርገው ይጨብጡ፣ አውራ ጣት ከላይ ይጫን። ሌላው እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ ርቀት ይጠብቃል። በቅንድብ ልክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ሰከንድ ያህል መርጨት፣ ወደ ጎን መውጣት፣ ካስፈለገ መድገም፣ ከዚያ መሮጥ። ሠራ አልሠራ ብሎ ቆሞ ማየት አደገኛ ነው፤ ዓይኑ የተጨፈነ ሰውም በጀመረው ሩጫ ይደርሳል። መቆለፊያው የሚዞር ከሆነ በጨለማ ወደ የት እንደሚከፈት እጅ በልምድ ማወቅ አለበት። ክዳኑ ሥር አውራ ጣት የሚያስገባው ዓይነት ይቀላል። ውኃ ብቻ ያለበት የመለማመጃ ጣሳ አብሮ የሚሸጥ ከሆነ ጥቂት ጨምሮ እሱን መውሰድ ያዋጣል።

ከሥሩ የታተመውን ቀን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ቀድሞ የሚያልቀው በርበሬው ሳይሆን የሚገፋው ጋዝ ነው፤ በጎሚኒው በኩል ቀስ እያለ ይሾልካል። አብዛኞቹ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያገለግላሉ፤ ከዚያ በኋላ 3 ሜትር መሄድ የነበረበት ዥረት እግር ሥር ሊንጠባጠብ ይችላል። እንደተገዛ ደጅ ወጥቶ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ፣ ለግማሽ ሰከንድ መሞከርና አፉን ሳሙና በነካው ጨርቅ መጥረግ ይገባል። ያልተጠረገ ቅሪት በኋላ ከእጅ ወደ ዓይን ይደርሳል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት፤ ብዙ አምራቾች ከ49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይቀመጥ ያስጠነቅቃሉ።

በስሕተት ራስ ላይ ከተረጨ አለማሸት፣ ንጹሕ አየር ላይ መቆም፣ ቶሎ ቶሎ ዓይን ማርገብገብ፣ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ። ዘይት ስለሆነ ውኃ ብቻውን አያነሳውም፤ ዓይን የማያቃጥል የሕፃናት ሻምፖ ይረዳል። የዓይን ሌንስ ያደረገ ያውጣውና ይጣለው። አስም ያለበት ሰው ትንፋሽ ካጠረው ሐኪም ያስፈልገዋል።

ሕጉን ግን ከመግዛት በፊት ማየት ግድ ነው። ብሪታንያ ውስጥ የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ስፕሬዩን ከተከለከሉ መሣሪያዎች ጋር ይመድበዋል፤ ካናዳም ሰው ላይ እንዲረጭ የተሠራውን ትከለክላለች። አውሮፕላን ውስጥ በእጅ ይዞ መግባትም አይቻልም።

በእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚቀረው ገመዱ ሲነቀል የሚጮኸው የኪስ አላርም ነው። የብሪታንያ ፖሊስ ለሕዝብ በሚሰጠው መረጃ ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ የሚለው መከላከያ እሱን ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ «130 ዴሲቤል» ይላል፤ ከምን ያህል ርቀት እንደተለካ ግን እምብዛም አይጻፍም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ10 ሳንቲ ሜትር 130 የነበረው በ1 ሜትር 110፣ በ10 ሜትር 90፣ በ100 ሜትር 70 ይሆናል። መንገድ ማዶ ያለ ሰው ዞር ብሎ ያያል፤ መስኮት ዘግቶ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ላይሰማ ይችላል። ሰው በሌለበት ቦታ ዋጋው ትንሽ ነው። መሣሪያው ቦርሳው ላይ፣ የሚነቀለው ገመድ አንጓ ላይ ቢታሰር ነጣቂው ቦርሳውን ሲመነትፍ ራሱ ያስጮኸዋል። ድምፅ ማውጫው መዳፍ ውስጥ ከተቀበረ ይታፈናል፤ ከተነቀለ በኋላ አጥቂው ፈጥኖ በማይደርስበት በኩል መወርወርና መንቀያውን ይዞ መሄድ ይሻላል። ብዙዎቹ የሚሠሩት በትንንሽ የሰዓት ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሳይታወቅ ስለሚደክም በወር አንድ ጊዜ፣ ከጆሮ አርቆ፣ ለአንድ ሰከንድ መሞከር ነው።

የእጅ ባትሪ ከሁሉ የተናቀ፣ ከስፕሬይ ቀጥሎ ግን ከሁሉ የሚጠቅም ዕቃ ነው። ሌሎቹ ጥቃቱ ሲመጣ ይወጣሉ፤ ባትሪ ቀድሞውኑ እጅ ላይ ነው፣ ጥግ የቆመውን ሰውም ሳይጠጋ ያሳያል። ጨለማ የለመደ ዓይን ላይ 500 ሉመን (የብርሃን ብዛት መለኪያ) ሲበራ ለጥቂት ሰከንድ ያደናግራል። ከሉመኑ ጋር ካንዴላውን ይመልከቱ፤ ብርሃኑ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ የሚነግረው እሱ ነው፣ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ማብሪያው ከኋላ ይሁን፣ ገና ሲነካም በሙሉ ኃይሉ ይብራ። አምስት ዓይነት አበራር ኖሮት በመጀመሪያው ጫን ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ባትሪ ለካምፕ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ትንንሾቹ ሲግሉ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ራሳቸው ብርሃን ይቀንሳሉ፤ ብልሽት አይደለም። 18650 የሚባለው እየተሞላ የሚሠራ ድንጋይ ላይ «9900 ሚሊአምፒር ሰዓት» የተጻፈበት ሐሰተኛ ነው፤ በዚህ መጠን ያለው እውነተኛ ድንጋይ ቢበዛ 4000 ገደማ ላይ ያበቃል። ኪስ ውስጥ በራሱ እየበራ ካስቸገረ የኋላውን ክዳን ሩብ ዙር ማላላት ብዙዎቹን ያጠፋቸዋል።

ተጠግቶ የሚነካው የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ስተን ገን፣ ገንዘብ የማያወጣ ነው። «10 ሚሊዮን ቮልት» የሚለውን ጽሑፍ በስሌት መፈተን ይቻላል፦ ደረቅ አየርን 1 ሳንቲ ሜትር ለመዝለል 30 ሺህ ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ብልጭታው በ3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መካከል ከዘለለ፣ ያለው ኃይል ቢበዛ ወደ 100 ሺህ ነው። እውነት 10 ሚሊዮን ቢሆን ከ3 ሜትር በላይ በዘለለ ነበር። ከዚህም በላይ፣ የሚታገል ሰው ላይ ለጥቂት ሰከንድ ለጥፎ መያዝ ይጠይቃል፤ ያን ያህል የቀረበ ሰው ደግሞ እጅ ይይዛል። ሁለት ሽቦ ወርውሮ ጡንቻን የሚያስረው ቴዘር ሌላ ነገር ነው፣ በትክክል ይሠራል። ነገር ግን ሁለቱም መርፌዎች መያዝ አለባቸው፣ ወፍራም ወይም የተንዠረገገ ልብስ ያከሽፈዋል፤ ብሪታንያን ጨምሮ በብዙ አገር ሕጉ ከሽጉጥ አይለየውም።

የቀሩት በአጭሩ። ቢላ ጨርሶ አይመከርም፤ ያቆሰለውን ሰው ወዲያው አያቆመውም፣ ከእጅ ሊነጠቅ ይችላል፣ ፍርድ ቤት ፊትም ለማስረዳት ከባድ ነው። ቁልፍን በጣቶች መካከል አሾልኮ መጨበጥ ሲመቱበት ቁልፉን ያዞረዋል፣ የሚጎዳውም የባለቤቱ ጣት ነው። ባለ 14 ሳንቲ ሜትሩ ዱላ ኩቦታን ሳይሠለጥኑ ከያዙት የቁልፍ ማንጠልጠያ ነው፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻም ሊወስደው ይችላል። መደገፊያ ከዘራ ለሚያስፈልገው ሰው ግን አጥቂን በርቀት ለመያዝ ከብዙዎቹ ይበልጣል። «ታክቲካል» የሚባለው የብረት ብዕር ደግሞ የሚያስፈልገው ሥልጠና የኩቦታኑ ነው፤ ጥሩ የሚጽፍ ከሆነ ለጽሕፈት ይግዙት።