ቲዲኤስ ፔን ወይስ ፒኤች ፔን? የቤት ውስጥ ተክል ውሃ ለመለካት የትኛው ብራችሁ ይገባዋል

የጓደኞቼ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። መጀመሪያ ጫፉ ቡናማ የሆነ ቅጠል ፎቶ በቴሌግራም ይመጣል። ቀጥሎ «ውሃው ይሆን እንዴ?» ይላሉ። ከዚያ የቢጫዋ ፒኤች ፔን፣ የውሃን አሲድነት የምትለካዋ፣ ማስታወቂያ ይላክልኛል። «ይቺን ልግዛት?» ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን የምትገምተውን ቲዲኤስ ፔን ግዙ። ቢጫዋን ተዉአት። ብር ከተረፋችሁ የኬኤች ጠብታም ግዙ፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ባይካርቦኔት የሚባል ማዕድን መመርመሪያ ነው። ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላስመስልም።

መጀመሪያ ዋጋ። ሱቅ በሱቅ፣ ሳምንት በሳምንት ይለዋወጣል። እኔን ያጋጠመኝ ግን ይሄ ነው። መርካቶ ተራ ቲዲኤስ ፔን 1,800 ብር ብለውኝ፣ ተከራክሬ በ1,400 ወሰድኩ። ያንኑ ዕቃ መስታወትና መብራት ያለው ሱቅ ውስጥ 2,600 አሉኝ። ቴሌግራም ላይ 1,500 ይላል፤ ዴሊቨሪው 200 ስለሆነ 1,700 ነው ማለት ነው። ቢጫዋ ፒኤች ፔን ከ2,000 እስከ 2,500 ትጠራለች። ፒኤችንም ቲዲኤስንም የሚለካው «አራት በአንድ» የሚሉት 4,500። ጥቅል የፒኤች ወረቀት 350። የኬኤች ጠብታ፣ የአኳሪየም ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ፣ 1,600።

ቢጫዋ ግን በተጠራችበት ዋጋ አታበቃም። ሻጩ የማይነግራችሁ ይሄን ነው። ጫፏ ላይ ያለችው የመስታወት ጉልላት ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለባት። ያውም በንጹህ ውሃ ሳይሆን በፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ። ከደረቀች ትዘገያለች፣ ቀጥላ ትዋሻለች፣ በመጨረሻ ትሞታለች። ሳጥኑ ውስጥ የሚመጡት ሁለት የማስተካከያ ዱቄቶች ተበጥብጠው ብዙ አይቆዩም፤ መተካት ያስፈልጋል። ስለዚህ ፔኗ 2,200፣ ሁለት ዙር ዱቄት 600፣ የማስቀመጫ ፈሳሽ 700፣ ድምር 3,500። በጥሩ ሁኔታ ብትያዝ እንኳ የእነዚህ መስታወት ዕድሜ አንድ ወይ ሁለት ዓመት ነው። ርካሾቹ ላይ ደግሞ መስታወቱ ለብቻው አይቀየርም። ሙሉውን ጥሎ ሌላ መግዛት ነው።

ካዛንቺስ የምትኖር ጓደኛዬ ከአንድ ሻጭ ገዛቻት። የቧንቧዋን ውሃ 9.1 አለቻት፤ 7 መሀለኛው ነው፣ ከዚያ በላይ የአሲድ ተቃራኒ ነው። እሷም ደንግጣ ውሃው ላይ ሎሚ መጭመቅ ጀመረች። ካላቲያ የምትባለው ተክሏ ጭራሽ ባሰባት። በ350 ብሩ ወረቀት ስንለካው ወደ 7 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ክዳኑን ከፍተን ስናየው ውስጡ ደርቆ ነጭ ብናኝ ብቻ ቀርቷል። መቼ እንደተመረተችና ስንት ጊዜ መደርደሪያ ላይ እንደቆመች እግዜር ይወቀው። ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወሰድናት። ልጁ ገልበጥ አድርጎ አየና «እህቴ፣ ይሄ መስታወቱ ነው የሞተው፤ አይጠገንም» ብሎ መለሰልን። ሻጩ ደግሞ «ሰርታ ነው የሸጥኳት» አለ። ሄደ ብሩ።

ለነገሩ ቢጫዋ በትክክል ብትሠራም የምትነግራችሁ ነገር ያን ያህል አይጠቅማችሁም። የውሃው ፒኤች 7.5 ቢሆን፣ በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት ትንሽ ከሆነ፣ አፈሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀስ በቀስ የአፈሩን ፒኤች ወደ ላይ የሚገፋው ባይካርቦኔቱ ነው። ያኔ ተክሉ ብረት መውሰድ ያቅተዋል። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ የቅጠሎቹ ደም ሥሮች ግን አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ይህንን የሚለካው ኬኤች የሚባለው የጠብታ ምርመራ ነው። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ቀለሙ እስኪለወጥ ጠብታ ትቆጥራላችሁ። በተለመዱት ኪቶች አንዷ ጠብታ በሊትር ወደ 18 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ትቆጠራለች። ከ8 ጠብታ በላይ ከሄደ ትናንሽ ፖቶች ላይ ችግር ይጠበቃል። ባትሪ የለው፣ መስታወት የለው። የሚያበላሸው ጊዜው ማለፉ ብቻ ስለሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን ሳታዩ አትክፈሉ።

1,600 ይበዛብናል ለምትሉ ነጻ መለኪያ ቤታችሁ አለ። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እዩ። ነጭ ቅርፊት በቶሎ የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ባይካርቦኔት አለው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው። ቅርፊቱን ለመፍጠር ግን እሱም በቂ ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የቧንቧ ውሃ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ያስባል። ልክ አይደለም። ከተማችን ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የገፀ ምድር ውሃ ታገኛለች። ከአቃቂና ከሌሎች አካባቢዎች ደግሞ የጉድጓድ ውሃ አለ። የጉድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ማዕድን ይይዛል። በዚያ ላይ መሀል ከተማ የራሱን ጉድጓድ ያስቆፈረ ሕንፃ ሞልቷል። አንዱ ፎቅ ላይ 90 ያነበበው ቲዲኤስ ፔኔ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሕንፃ ውስጥ 420 አለኝ። ፈረቃው ሲደርስ ቧንቧ፣ ሳይደርስ ሮቶ ስለምንጠቀም አንድ ቤት ውስጥ እንኳ ውሃው ይለዋወጣል። ስለዚህ የጎረቤታችሁን ቁጥር አትዋሱ።

አሁን ወደምወዳት ልምጣ። ቲዲኤስ ፔን ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ለክታ፣ የሟሟውን ጨውና ማዕድን በፒፒኤም፣ ማለትም በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ ትገምትላችኋለች። ክሎሪን አታይም። ፍሎራይድ አታይም። ጀርም አታይም። «ውሃው ለመጠጥ ደህና ነው» ብሎ በዚች ፔን የሚያሳያችሁ ሻጭ ካለ ዞር በሉለት። ለተክል ግን ከ150 በታች ድንቅ ነው። እስከ 300 ብዙ አያሳስብም። ከ500 ካለፈ እንደ ካላቲያና ኦርኪድ ያሉ ቅምጥሎች ያኮርፋሉ።

ዋናው ጥቅሟ ግን ሌላ ነው። የሚገባውን ውሃ ብቻ ሳይሆን ከፖቱ ሥር የሚወጣውን ለኩ። ተክሉን እንደወትሮው ታጠጡና አንድ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ሥሩ ንጹህ ሳህን ታስቀምጡና ከላይ ትንሽ ንጹህ ውሃ ጨምራችሁ የሚንጠባጠበውን ትቀበላላችሁ። ፔኗን እዚያ ውስጥ ንከሩ። ከ1,500 በላይ ከሆነ ለአብዛኛው የቤት ውስጥ ተክል ጨው በዝቷል። በእኔ ልምድ፣ ጫፉ ተቃጠለ ብለው ሰዎች ፎቶ ከሚልኩልኝ ተክሎች የብዙዎቹ ጥፋት የቧንቧው አይደለም። ችግኝ ሻጮች ፍግ አብዝተው የሚቀላቅሉት አፈር ነው። ውሃው 100 ገብቶ 2,400 ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። መፍትሔው ብር አይጠይቅም። የፖቱን ሁለት ሦስት እጥፍ ውሃ ቀስ ብሎ እያፈሰሱ ማጠብና ሥሩ ሳህን ላይ የቀረውን መድፋት ነው። ይሄን ቢጫዋ በጭራሽ አትነግራችሁም።

አሁን ስለ ፎርጅድ። ቲዲኤስ ፔንም ትኮረጃለች፣ በደንብ! ሳጥኑ ላይ ስሙ አንድ ፊደል የጎደለው አጋጥሞኛል። ሰውዬው «ኦርጅናል ነው እህቴ፣ ላንቺ ስል ነው» እያለ ነበር። በመልክ መለየት ከባድ ነው፣ በጨው ግን ቀላል ነው። አንድ ግራም የገበታ ጨው በአንድ ሊትር ዲስቲልድ፣ ማለትም ማዕድኑ በወጣለት፣ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ፔኗ ወደ 1,000 አካባቢ ማለት አለባት። አንድ ግራም የሚመዝን ሚዛን ከሌላችሁ 10 ግራም በአንድ ሊትር በጥብጡና ከሱ 100 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በዲስቲልድ አንድ ሊትር ሙሉ። የኔዋ 980 አለች። የጓደኛዬ «ኦርጅናል» 610 አለች። 1,400 ገደማ ካለች ደግሞ አትጣሏት። አንዳንድ ፔኖች የለኩትን የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ወደ ፒፒኤም ለመቀየር በ0.5 ፈንታ በ0.7 ያባዛሉ፤ ለዚህ ነው ሁለት ደህና ፔኖች ባንድ ብርጭቆ ውሃ የማይስማሙት። የእናንተዋ የትኛው እንደሆነች እወቁና እኔ የሰጠኋችሁን ቁጥሮች በዚያው ልክ ከፍ አድርጉ።

ሌላው ማታለያ የሙቀት ማስተካከያ ነው። አካሏ ላይ ጽፈውበት ውስጧ የሌለ አለ። አንዱን ውሃ ለሁለት ክፈሉ። ግማሹን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። የቀዘቀዘው በእጅጉ አንሶ ካነበበ ጽሑፉ ለጌጥ ነው። ቤታችሁ ሁሌ ወደ 20 ዲግሪ ስለሚሆን ግን ያን ያህል አትጨነቁ። ወደ 10 ከመቶ ዝቅ ብላ ታነባለች፣ ያው ናት።

ጥገናዋ ቀላል ነው። ጫፏ ላይ ያሉት ሁለት ብረቶች ሲቆሽሹ በአልኮል ጥጥ ይጠረጋሉ። ባትሪ አፍስሶ አረንጓዴ ሲያወጣ ኮምጣጤና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ባትሪዎቿን ሰዓት ሠሪዎች ይሸጣሉ። ባዶ ሊሆን የደረሰ ባትሪ ቁጥር ስለሚያዛባ ስክሪኑ ሲደበዝዝ ቀይሩ እንጂ «ገና ትሠራለች» አትበሉ። እስከ አንገቷ አትንከሯት። ከክዳኑ መስመር በላይ ውሃ ከገባ አለቀላት።

ዲስቲልድ ውሃ ነዳጅ ማደያ አካባቢ «የባትሪ ውሃ» ተብሎ ይሸጣል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ የባትሪ አሲድ ሌላ ነገር ነው፤ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ እንዳትይዙ። ሁለተኛ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ የሚሸጠውን ከመጠቀማችሁ በፊት ለኩት። ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት። እኔ የገዛሁት አንዱ 87 አለ። የቧንቧ ውሃ በ60 ብር!

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። የፒኤች ወረቀት ግምት ለማግኘት ጥሩ ነው። ካልታሸገ ግን ወጥ ቤት እንፋሎት ያበላሸዋል። ብዙ ቀለም ያለው የውሃ መመርመሪያ ስትሪፕ፣ አንድ ጊዜ ክሎሪን ለማየት ካልሆነ፣ ብር ማባከን ነው። ክሎሪኑ ደግሞ ባልዲ ተከፍቶ ሲያድር አብዛኛው ይበናል። ባትሪ የማይፈልገው፣ አፈር ላይ የሚተከለው ባለሁለት ሦስት እግር መለኪያ ግን ያናድደኛል። እርጥበት በግምት ያሳያል፤ የፒኤች መርፌው ግን የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በእርጥበቱ ነው። 900 ብር ከፍላችሁ ጣታችሁ በነጻ የሚያውቀውን ትሰማላችሁ። «አራት በአንዱ» ደግሞ ያቺው የቢጫዋ መስታወት አለበት። መስታወቱ ሲሞት 4,500 ብር ከፍላችሁበት የቀረላችሁ ቲዲኤስ ብቻ ነው።

ውሃውን መቀየር ነው የሚሻለው ለሚሉ፦ የታሸገ ባለ 2 ሊትር በ45 ብር ብታስቡት ሊትሩ 22.50 ነው። በሳምንት 10 ሊትር ለሚጠጡ ተክሎች 225፣ በወር 900 ብር። ሁለት ወር ሳይሞላ የፔኗ ዋጋ ሄደ። ያውም መለያው ላይ ማዕድኑ የተጻፈ ስለሆነ አንብቡት፤ ከቧንቧችሁ የሚብስ አለ። አምቦ ውሃ ለአበባ ጥሩ ነው የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ፤ በባይካርቦኔት የተሞላ ነው። በጨው የሚሠራ የውሃ ማለስለሻ ያለበት ሕንፃ ውስጥ ከሆናችሁም ካልሲየሙን በሶዲየም ስለሚተካው ለተክል አይሆንም። የክረምት ዝናብ ግን ወርቅ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ይጠበው፣ ከዚያ ባልዲ ደቅኑ። በኔ ፔን ከ30 አልፎ አያውቅም። ድራሲና ለሚባለው ተክል በተለይ ሁነኛ ነው። ድራሲና ፍሎራይድ አትወድም፣ ፍሎራይድ ደግሞ በማሳደርም በማፍላትም አይሄድም። የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ዘመድ ጋ ተክል የምትልኩ ይሄን ንገሯቸው።

ቢጫዋ የምትገባው ለማን ነው? ያለ አፈር፣ በውሃና በማዳበሪያ ብቻ ለሚያሳድግ። እዚያ ፒኤች በየቀኑ ይንቀሳቀሳል። ያኔም ቢሆን መስታወቷ የሚቀየርላትን፣ እንደ ሀና ያለውን የመለኪያ ብራንድ ፈልጉ፤ ዋጋው ግን ሌላ ወሬ ነው።

ቲዲኤስ ፔን ልትገዙ ስትወጡ የጨው ውሃችሁን በትንሽ ጠርሙስ፣ የባትሪ ውሃ ደግሞ በሌላ ያዙ። ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ለኩ። «ፕላስቲኩ ከተቀደደ አልመልስም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም። ፔኗ ፈተናውን አልፋ ልትወስዷት ከሆነ ደግሞ ሻጩ በመጀመሪያ የጠራላችሁን ዋጋ አትክፈሉ፤ 1,800 የሚላችሁ ሰው 1,400 ላይ ይቆማል።