የእጅ ሬዲዮ መገናኛ ለደብር፣ ለሱቅና ለቤተሰብ፦ ካርቶኑ ላይ ባለው ማይል አትግዙ

ሚድላንድ ጂኤክስቲ1000 የተባለው የእጅ ሬዲዮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው «እስከ 36 ማይል» ተብሎ ነው፤ 58 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው። ቁጥሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። አንዱ ሰው ከሜዳው 165 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ፣ ሌላው ሜዳው ላይ ቆሞ፣ በመካከል ዛፍም ቤትም ከሌለ ሞገዱ ያን ያህል ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም መሬት ላይ ቆመው ሬዲዮውን በ1.5 ሜትር ከፍታ ከያዙት ግን፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እንኳ የመሬት ክብነት በ10 ኪሎ ሜትር ግድም ያግዳቸዋል። ዛፍና ቤት በተጨናነቀበት ሰፈር ደግሞ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ከተገኘ ጥሩ ነው።

ዋት መጨመር የሚያመጣው ለውጥ ብዙዎች ከሚያስቡት በጣም ያነሰ ነው። እንቅፋት በበዛበት ቦታ ከ2 ዋት ወደ 5 ዋት ማደግ ርቀቱን ሩብ ያህል ቢጨምር ነው። ከመኪናው ወርዶ ደረጃ ላይ መቆም፣ ሬዲዮውን ከወገብ አንሥቶ አንቴናውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ወደ መስኮት መጠጋት ከዚያ የበለጠ ይጠቅማሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ማይል?» ሳይሆን «እነማን ናቸው የሚነጋገሩበት?» መሆን አለበት፤ የፈቃዱ ነገር የሚወሰነው በዚህ ነውና።

በአሜሪካ ደንብ እነዚህ ሬዲዮዎች በሁለት ክፍል ይመደባሉ። ኤፍአርኤስ የሚባለው ክፍል ፈቃድ አይጠይቅም። 22 ቻናሎች አሉት፤ ከ8 እስከ 14 ያሉት በግማሽ ዋት፣ የቀሩት እስከ 2 ዋት ይሠራሉ። ለንግድም ለማኅበርም መጠቀም ይቻላል። አንቴናው ግን የማይነቀል መሆን አለበት።

ጂኤምአርኤስ የሚባለው ሁለተኛው ክፍል ፈቃድ ይጠይቃል፤ እነዚያኑ 22 ቻናሎች ይጋራል። በእጅ ሬዲዮ 5 ዋት የተለመደ ነው፤ አንቴና መቀየርም ይፈቀዳል። ከ8 እስከ 14 ባሉት ላይ ግን እሱም ግማሽ ዋት ብቻ ነው፤ 5 ዋት ገዝቶ ቻናል 10 ላይ የሚያወራ ሰው ገንዘቡን አባክኗል። ፈቃዱ 35 ዶላር ነው፣ 10 ዓመት ያገለግላል፣ ፈተና የለውም፣ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፣ ዜግነት አይጠየቅም። መጀመሪያ የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ በሆነው በኤፍሲሲ ድረ ገጽ ተመዝግቦ ኤፍአርኤን የተባለውን ቁጥር ማውጣት፣ ቀጥሎ ማመልከቻ 605ን መሙላትና መክፈል ነው። አንድ ፈቃድ የትዳር ጓደኛን፣ ልጆችን፣ ወላጆችን፣ አያቶችን፣ ወንድምና እህትን፣ አጎትና አክስትን፣ የወንድምና የእህት ልጆችን፣ አማቾችንም ይይዛል። የአጎት ልጅ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በእኛ ዘንድ ወንድም ቢሆንም የራሱን ማውጣት አለበት። ወሬው በአማርኛ ቢሆን ችግር የለውም፤ ከፈቃዱ ጋር የሚሰጠው የፊደልና የቁጥር መለያ ግን ንግግሩ ሲያበቃ፣ ከረዘመም በየ15 ደቂቃው፣ በእንግሊዝኛ መነገር አለበት።

አብያተ ክርስቲያናት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የጂኤምአርኤስ ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ ነው፤ ደብር፣ ማኅበር ወይም ሱቅ አዲስ ፈቃድ ማውጣት አይችልም። በጥምቀት ዕለት መኪና የሚያስቆሙ አሥር አስተናባሪዎች ባለ 5 ዋት ሬዲዮ ከያዙ እያንዳንዳቸው ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። መኪና ማቆሚያውና አዳራሹ ደግሞ ቢበዛ ጥቂት መቶ ሜትር ስለሚራራቁ ኤፍአርኤስ ይበቃቸዋል።

ለዚህ ሥራ ሬቴቪስ አርቲ22ን እንመርጣለን። ትንሽ፣ ቀላል፣ ባለ 16 ቻናል ናት። ስክሪን የላትም፤ ለአስተናባሪ ይህ ጥቅም ነው፣ በስህተት የሚነካካ ነገር ያንሳል። ድካሟ የቻናል ቁጥሮቿ ከሌሎቹ ሬዲዮዎች የ22 ቻናል ቁጥር ጋር ላይገጥሙ መቻላቸው ነው፤ ከሌላ ሞዴል ጋር አትደባልቋት። ሚድላንድ ጂኤክስቲ1000 ለቤተሰብ ጉዞ ጥሩ ነው፦ ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ ሲያልቅ አራት ተራ የድንጋይ ባትሪ ይቀበላል፣ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያም ያሰማል። «50 ቻናል» መባሉ ግን አያታልላችሁ፤ ከ22 በላይ ያሉት እነዚያው ቻናሎች ኮድ፣ ማለት የሌሎችን ድምፅ የሚያጣራ ቁጥር፣ ተጨምሮባቸው ነው። የጆሮ ማዳመጫውም ከሬቴቪስ ጋር አይለዋወጥም።

ባኦፌንግ ዩቪ5አር ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛዋል። ለአስተናባሪም ለሱቅም አንመክረውም። ለኤፍአርኤስም ለጂኤምአርኤስም የተመሰከረለት አይደለም፤ ቁልፉ በስህተት ከተነካ ፖሊስና እሳት አደጋ የሚነጋገሩበት ሞገድ ላይ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሕግ የሚሆነው ለአማተር ሬዲዮ፣ ማለት ተፈትኖ ፈቃድ አውጥቶ ሬዲዮን በትርፍ ጊዜው ለሚጠቀም ሰው ነው። ለመጀመሪያው ደረጃ ፈተና ከ35 ጥያቄ 26 በትክክል መመለስ ያስፈልጋል፣ የንግድ ወሬም በዚያ ክልክል ነው።

«ሬዲዮው ተበላሸ» ከሚባለው ብዙው ብልሽት አይደለም። ቻናሉ አንድ ሆኖ ኮዱ ከተለያየ አንዱ ሌላውን አይሰማም፤ ሁሉንም ኮድ 0 ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። «የምስጢር ኮድ» መባሉም ያሳስታል። ኮዱ የሌሎችን ድምፅ ከእናንተ ጆሮ ይከለክላል እንጂ የእናንተን ከሌላ ሰው አይሰውርም፤ ስለዚህ የሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ የት እንዳለ በሬዲዮ አይወራም። የንግግሩ መጀመሪያ የሚቆረጠው ቁልፉ እንደተጫነ ወዲያው ሲናገሩ ነው፤ ተጭናችሁ አንድ ሰከንድ ጠብቁ፣ ከአፍ 5 ሳንቲ ሜትር አርቁና ተናገሩ። አዲስ ሬዲዮ ከበዓሉ በፊት በራሱ ቦታ ይፈተን፦ አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ይቁም፣ ሌላው በግቢው ዙሪያና በምድር ቤቱ ይዙር፣ ድምፅ የሚጠፋበት ጥግ ይመዝገብ። ከብረትና ከኮንክሪት የተሠራ ምድር ቤት 5 ዋትንም ያፍናል፤ መፍትሔው ደረጃው አፍ ላይ ሰው አቁሞ መልእክት ማቀባበል ነው።

እነዚህን ሬዲዮዎች ለዘመድ ስጦታ ብሎ ወደ ሌላ አገር መውሰድ ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚህ ሬዲዮዎች በሚሠሩበት በ462 ሜጋ ኸርዝ ግድም ያለ ፈቃድ ማውራት የአሜሪካ ደንብ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚሠራው ፒኤምአር446 የተባለው ባለ 16 ቻናል፣ ግማሽ ዋት ሬዲዮ ነው። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ሬዲዮው ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፈቃዱን ከዚያ መጠየቅ ያስፈልጋል።