ሻንሲን በብሩሽ ወይስ በሚረጭ ቀለም?
ኪስ ሲሳሳ የመኪና ሻንሲን፣ ማለትም ከሥር ሆኖ መኪናውን የሚሸከመውን የብረት አካል፣ በግቢ ውስጥ ለመቀባት ሁለት መንገድ አለ፤ ብሩሽ ወይም በጣሳ የሚረጭ ቀለም። የጣሳው ፈጣንና ለዓይን የሚያምር ነው፤ ብሩሽ የማይደርስበት ጠባብ ጥግም ይገባል። ነገር ግን ከፊሉን ንፋስ ይወስደዋል፤ የሚያርፈውም ስስ ስለሆነ ደጋግሞ መርጨት ግድ ነው። ርካሽነቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ብሩሽ ያደክማል፣ መስመሩም ይታያል፤ ታዲያ ከመኪና ሥር ተንጋሎ የሚያየው ማን ነው? ወፍራም ሆኖ ይይዛል፤ ዝገት የቦረቦረውም ድረስ ተጭኖ ይገባል። እኔ ብሩሹን እመርጣለሁ፤ ጣሳውን ለጥጋጥጉ ብቻ። በሁለቱም ቢሆን ቅባቱ ካልታጠበ፣ የላላው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ካልተፋቀና ፀረ ዝገት ቀድሞ ካልተቀባ ቀለሙ ይላጣል። የፍሬን ዲስክንና የጎማ ቱቦዎችን ግን ቀለም አይንካቸው።