ፖርቶመጋላ ወይስ ወለል? ሃይብሪድ ዋገንን ለጅማ ጭነት ማሰናዳት

ዋገን ገዝቶ ዕቃ ማመላለስ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ብየዳ ቤት ነው። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ካላስገጠመ መኪናው ለሥራ የተዘጋጀ አይመስለውም። እኔም እንደዚሁ አድርጌ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ለማስነቀል ደግሞ ሌላ ገንዘብ ከፈልሁ። ሃይብሪድ ዋገን (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራ) ለማድረሻ ሥራ ሊገዛ ያሰበ ሰው ገንዘቡን የት ላይ ቢያወጣ እንደሚሻል ያወቅሁት በዚያ ኪሳራ ነው።

ሥራዬ የተቆላ ቡና፣ ማርና እንቁላል ማድረስ ነው። ከሂርማታ ገበያ ተነሥቼ በከተማው ላሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች አዳርሳለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን አጋሮ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አዲስ አበባ። ቆሞ መነሣት የበዛበት ሥራ ነው፤ ሃይብሪድ የሚያዋጣውም እዚህ ላይ ነው። በየሱቁ ደጃፍ ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል፣ ሲነሣ በባትሪ ይነሣል፣ ፍሬን ሲያዝ በከንቱ ይጠፋ የነበረውን ጉልበት መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከፍታ አያውቅም። ዳገት ላይ ልዩነቱ በእግር ይታወቃል።

የትኛው መኪና?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገበያው ቀድሞ የገባው መኪና ሆኗል። ጃፓኖች ለዚሁ ሥራ ብለው የሠሩት ፕሮቦክስ ሃይብሪድ መሪው በቀኝ ስለሆነ ለእኛ መንገድ አይሆንም፤ ምራቅ ውጦ ማለፍ ነው። እኔ ያነጻጸርኋቸው ሁለቱም የቶዮታ ናቸው፤ ፕሪየስ ቪ እና ኮሮላ ቱሪንግ ስፖርትስ።

ፕሪየስ ቪ በ2011 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ መኪና ነው። ባለ 1.8 ሊትር ሞተሩ ከኤሌክትሪኩ ጋር ተደምሮ 134 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የዕቃ ቦታው ወንበር ሳይታጠፍ 970 ሊትር ገደማ፣ ሲታጠፍ 1,900 ሊትር ገደማ ነው ይባላል። ለኮሮላው የሚጻፈው ደግሞ በ1.8 ሊትሩ 596፣ በ2.0 ሊትሩ 581 ሊትር ነው። ይህን አይቶ ፕሪየሱ እጥፍ ይይዛል ብሎ የሚደመድም ገዢ ይሳሳታል፤ የፕሪየሱ ቁጥር በአሜሪካ ልኬት እስከ ጣሪያ የተለካ ሲሆን የኮሮላው በአውሮፓ ልኬት የሚለካው በሻንጣው መሸፈኛ መጋረጃ ልክ ብቻ ነው። እውነተኛው ብልጫ ቁመት ነው። ፕሪየስ ቪ ከኮሮላው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚረዝም አንድ ደርብ ተጨማሪ የእንቁላል ካርቶን ይገባበታል። ለእኔ ሥራ ይህ ይበቃል፤ የገዛሁትም እሱን ነው።

ኮሮላው የሚያሸንፍበት ሌላ ቦታ አለ። አዲስ ነው፣ ረጅም መንገድ ላይ ይረጋጋል፣ እስከ 750 ኪሎ ግራም ተጎታች እንዲስብም ተፈቅዶለታል። ለፕሪየስ ቪ አምራቹ መጎተትን አይመክርም፤ ስለዚህ ተጎታች የሚያስብ ሰው ምርጫው አልቋል። ያገለገለ ፕሪየስ ቪ የሚገዛ ደግሞ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ በከፊል መልሶ የሚያስገባው ቱቦ መጽዳቱን ይጠይቅ። ቱቦው በጥላሸት ሲደፈን ሞተሩ ይግላል፣ ውሎ አድሮ የቴስታታ ጓርኒሲዮን እስከማቃጠል ይደርሳል። ፍሪሲዮን ግን የለውም፣ የሞተር ቺንጋም የለውም፤ ከጋራዥ ወጪ ሁለቱ ተቀነሱ ማለት ነው።

ጣሪያው

ፖርቶመጋላዬ ከብረት የተበየደ ነበር። ዕቃ ሳይጫንበት ብቻውን አንድ ቀጠን ያለ ሰው ያህል ይመዝናል። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የሚበላው መኪናዬ ባዶውን ተሸክሞ 7 ሊትር ተሻገረ፤ ሃይብሪድ የገዛሁበት ምክንያት ሩብ ያህሉ በነፋስ ሄደ። ፉጨቱን አልቆጥርም።

ከነዳጁ የባሰው ግን ሌላ ነው። የጅማ ዝናብ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ሸራው የቱንም ያህል ቢጠበቅ ጠርዙ ያሾልካል፣ የተቆላ ቡና ደግሞ እርጥበት ከነካው ጠረኑ ይሄዳል። ሁለት ካርቶን ቡና ለራሴ ጠጥቼዋለሁ። ከዚያም ከአበልቲ ወደ ግቤ በረሃ የሚወርደው ቁልቁለት አለ። ክብደት ጣሪያ ላይ ሲሆን መኪናው በየመታጠፊያው ወደ ጎን ይጋደማል፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ወርጄ ግቤ ድልድይ ስደርስ መዳፌ በላብ ርሶ ነበር። በነገራችን ላይ በዚያ ቁልቁለት ማርሹን ወደ ቢ ማድረግ አይረሳ። ባትሪው ከሞላ በኋላ የሚቀበለው ጉልበት ስለማይኖር መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ይህ ካልሆነ ሁሉም ሸክም ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል።

ጣሪያ ለማን ይሆናል? የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወይም ቅርጫት ለሚያመላልስ፤ ቀላልና ቦታ ፈጅ ለሆነ ዕቃ። እሱም ቢሆን የሚነቀል የአሉሚኒየም ዘንግ ያስገጥም፣ ሥራ በሌለበት ቀን ያውርደው።

ወለሉ

የፖርቶመጋላውን ዋጋ ከግማሽ በታች አውጥቼ ያሠራሁት ወለል ሥራዬን ለወጠው። የኋላ ወንበሮች ሲታጠፉ ሜዳው ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም፤ ስንጥቅና ከፍታ ይኖረዋል። አናጺው በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ሸፈነልኝ፣ ላዩ ላይ የጎማ ምንጣፍ ለጠፈበት። ላሜራ ይሻላል ያሉኝ ነበሩ። ላሜራ ይከብዳል፣ ይንኳኳል፣ ማር ሲፈስበት ደግሞ ዕቃው ሁሉ ይንሸራተታል። ጎማ ምንጣፍ ብቻውን ያለ እንጨት ርካሽ ነው፤ ካርቶን ብቻ ለሚጭን ይበቃል፣ ሹል ወይም ከባድ ነገር ሲያርፍበት ግን ይሰምጣል።

ኮምፔርሳቶው መኪናው ላይ በብሎን መመታት የለበትም። ከሥሩ ባትሪው አለ፤ ባለ አምስት ወንበሩ ፕሪየስ ቪ ባትሪው 201.6 ቮልት ነው፣ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ብርቱካናማ ገመድም ሰው ይገድላል። አናጺዬ መሰርሰሪያውን ይዞ ሲመጣ ያስቆምሁት በቃሌ ሳይሆን እጁን ይዤ ነው። ሳንቃው በራሱ ክብደትና በፋብሪካው የዕቃ ማሰሪያ ቀለበቶች ይያዝ። በቀኝ በኩል ጥግ ላይ ትንሽ መዝጊያ ይቆረጥለት፤ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ እዚያ ናት፣ እሷ ከሞተች መኪናው አይነሣም።

አሁን ሁሉም ሰው የሚስተው ነገር። ትልቁ ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚስበው አየር ነው፤ አየሩ የሚገባው ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለ ወንፊት በሚመስል ፕላስቲክ ነው። ጆንያ ከተደገፈበት ባትሪው ይታፈናል። እኔ ጆንያ አላስደገፍሁበትም፤ የተቆላ ቡና ገለፈት ግን እንደ ዱቄት ይበናል። አንድ ቀን ከኋላ የወባ ትንኝ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፣ በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። መካኒኩ ሲከፍተው ማራገቢያው ቡናማ ፀጉር አብቅሎ ነበር። አሁን ወንፊቱ ፊት ሦስት ጣት ያህል ርቀት የምትጠብቅ ቀላል የእንጨት አጥር አለችኝ፤ በየወሩም በደረቅ ብሩሽ አጸዳዋለሁ። ቡና፣ ዱቄት ወይም በርበሬ የሚጭን ሰው ከማንኛውም ማስጌጫ በፊት ይህን ያሠራ።

ከፊት ወንበሮች ጀርባ የሚታሰር መረብም ያስፈልጋል። ፍሬን በድንገት ሲያዝ የማር ባልዲ ዘመድ አያውቅም።

ክብደቱ

ዋገን ቦታ እንጂ አቅም አይጨምርም። አምስት ሰው ከነሻንጣው የሚይዝ መኪና ነው፤ የኩንታል መኪና አይደለም። በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን የጭነት መጠን ያንብቡ፣ የራስዎን ክብደት ይቀንሱ፣ የቀረው የዕቃው ነው። እኔ ከ250 ኪሎ አላልፍም። ማር ዓይንን ያታልላል፤ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ቢሆን 20 ኪሎ የሚመዝነው በማር ሲሞላ 28 ኪሎ ገደማ ነው። ስምንት ጄሪካን ማር ከጫንሁ ወለሉ ግማሽ ባዶ ሆኖ ጭነቱ ግን አልቋል። የማሩ ጄሪካኖች ወደ ፊት ወንበር ጀርባ፣ ቡናው ወደ ኋላ።

የኋላው ሲዘቅጥ ሞላው ውስጥ ጎማ የሚያስገባ ጋራዥ አለ። መኪናው ከፍ ይላል፣ ኮብልስቶኑ ላይ ሆዱን መፋቁ ይቀንሳል፤ ፍሬኑና አክስሉ ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። እኔ አላስገባሁም። ጭነት ሲኖር የጎማውን ንፋስ በመለያው ላይ እንደተጻፈው ማስተካከል ይበቃኛል።

በየቀኑ ከሦስት ኩንታል በላይ የሚያነሣ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ አባዱላ ይፈልግ። ሥራው ከጅማ የማይወጣና ማታ ቤቱ ቻርጅ የሚያደርግ ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና ቢያይ ያዋጣዋል። ሃይብሪዱ በሁለቱ መካከል ላለነው ነው።

የኋላ ወንበሮችን ጨርሶ ማውለቅ የሚያስቡ አሉ። ቦታም ክብደትም ይገኛል፤ ሊብሬው ላይ ያለው የወንበር ቁጥር ከመኪናው ጋር ሳይገጥም ለዓመታዊ ምርመራ መቅረብ ግን ጣጣ ነው። ታርጋውም የግል ከሆነ ለክፍያ ዕቃ ከማመላለስ በፊት ወደ ንግድ መዞሩን ያስቡበት።

የነቀልሁትን ፖርቶመጋላ ለመሸጥ ሁለት ወር ሞክሬአለሁ። በአንድ መኪና ልክ የተበየደ ብረት ለሌላው አይገጥምም። አሁን ጓሮ ውስጥ በአራት ድንጋይ ላይ ቆሟል፣ ዶሮዎቼ ያድሩበታል።