የተዳቀለ የማንጎ ችግኝ፦ ቶሚ፣ አፕል፣ ኬንትና ኪት ሲመዘኑ

የአገር ማንጎ ከዘር ሲተከል ፍሬ ለማየት ስድስትና ሰባት ዓመት ያስጠብቃል። ዛፉ ስለሚረዝም ፍሬው በዱላ ተመትቶ ወይም ተነቅንቆ ይወርዳል፤ ተቀጥቅጦ ገበያ ይደርስና ቶሎ ይጠቁራል። የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም በአገር ማንጎ ግንድ ላይ የተመረጠ ዝርያ ቁጥቋጥ የተሰካበት፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል፤ በየዓመቱ ከተገረዘ ደግሞ ሰው መሬት ላይ ቆሞ በእጁ ይለቅመዋል። ዋጋው ከፍ ቢልም መክፈሉ ያዋጣል፤ ችግኙ በእርግጥ የተዳቀለና ከተባይ የጸዳ ከሆነ ነው ታዲያ።

ችግኝ ጣቢያዎቻችን በብዛት የሚያቀርቡት አራት ዝርያ ነው። ቶሚ አትኪንስ፣ ኬንትና ኪት መነሻቸው ፍሎሪዳ ነው፤ አፕል ማንጎ ከኬንያ የባሕር ጠረፍ የመጣ ነው። ላይኛው አዋሽ እርሻ ላይ የኖሩ፣ ቆላውን የሚወዱ ዛፎች ናቸው። ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ለንግድ መትከል አይመከርም።

ቶሚ ለዓይን ያምራል። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ በአይሱዙ ተጭኖ ረጅም መንገድ ይችላል፣ ከተማ ደርሶም ቀናት ይቆያል። ጣዕሙ ግን ከአራቱ የመጨረሻው ነው፤ ቃጫ አለው፣ አንዳንዴም ውጪው ጤነኛ መስሎ በዘሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ ሟሙቶ ይገኛል። አፕል ክብና ጣፋጭ ነው፤ አመዳይ (አበባውን ነጭ ዱቄት የሚያለብስ የፈንገስ በሽታ) እና አንትራክኖስ (ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ) ግን በቀላሉ ያጠቁታል። አበባው ላይ ጤዛና ጉም የሚያድርበት ቦታ ለአፕል አይሆንም። ኬንት ቃጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሥጋው ብዙ ስለሆነ ጁስ ቤት የሚወደው እሱን ነው። ኪት ከሁሉም ዘግይቶ ይደርሳል፣ ትልቅነቱ ነው መታወቂያው፣ በስሎም አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል።

የኪት ዋናው ጥቅም ያ መዘግየቱ ነው። የአገር ማንጎ በአንድ ጊዜ ደርሶ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ዋጋው ይወድቃል፣ ፍሬውም ዛፍ ሥር ይበሰብሳል። ኪት የሚመጣው ገበያው ሲሳሳ ነው። አሥር ችግኝ ለሚገዛ ሰው የምንመክረው አምስት ኬንት፣ ሦስት ኪትና ሁለት ቶሚ ነው፤ ለቀማውም በየተራ ይደርሳል።

ችግኝ ጣቢያ ሲደርሱ መጀመሪያ መጋጠሚያውን ይዩ። ከአፈሩ 20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከላይ የተሰካው ቁጥቋጥ ከታችኛው የአገር ማንጎ ግንድ ጋር የተገጠመበት ጠባሳ አለ። ሁለቱ በውፍረት የሚቀራረቡ፣ ጠባሳውም ዙሪያውን የሞላ መሆን አለበት። በጣት ቀስ አድርገው ወደ ጎን ሲገፉት ስንጥቅ ከታየ አልያዘም ማለት ነው። ግንዱ ከአፈሩ ጀምሮ ለስላሳ ሆኖ ጠባሳ ከሌለው ከዘር የበቀለ ነው፤ «ኬንት ነው» ቢባሉም አይውሰዱት። ኬንት የሚገኘው ከቁጥቋጡ ነው፤ ዘሩ ቢተከል የሚወጣው ሌላ ማንጎ ነው። ቁጥቋጡ የተቆረጠበት እናት ዛፍ የት እንዳለ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ጥሩ ጣቢያ ወስዶ ያሳያል። መዳቀያው ላስቲክ ሳይፈታ የቆየ ችግኝ ግንዱ እንደታነቀ ወገብ ቀጥኖ ያስታውቃል፤ በኋላ ነፋስ ከዚያው ላይ ይሰብረዋል። ለጋ ቀይ ቅጠል ያወጣ ችግኝ ደግሞ መንገድ አይችልም፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ እስኪጠነክር ይቆይ።

ቀጥሎ ቅጠሉን ገልብጡ። ነጭ የማንጎ ስኬል የሚባለው ተባይ በአገራችን መኖሩ በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ ከታወቀ ወዲህ ብዙ የማንጎ አካባቢ ደርሷል። ሴቷ ክብ ነጭ ነጠብጣብ ትመስላለች፤ ወንዶቹ ረዘም ያለ ጥቃቅን ነጭ ቅርፊት ለብሰው ተሰባስበው ይታያሉ። ቅጠሉን መጥጠው ያደርቁታል፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ጥለው ዋጋውን ይሰብራሉ። አንድ ቅጠል ላይ እንኳ ከታየ ከዚያ መደብ ምንም አይግዙ፤ ተባዩን እርሻዎ ድረስ ተሸክሞ የሚያስገባው ችግኝ ነው። ቀድሞ የገባበት ዛፍ መሐሉ ተገርዞ ብርሃን ሊገባው፣ የተቆረጠውም ቅርንጫፍ ሊቃጠል ይገባል።

ለመትከል 60 በ60፣ ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃል። የላይኛው አፈር ለብቻው ይቀመጥና ከ10 እስከ 15 ኪሎ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለስ። በ8 በ8 ሜትር ርቀት ሄክታሩ 156 ዛፍ ይይዛል። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይቀደድ፤ ከሥሩ የተጠመዘዘው ሥር በስለት ይቆረጥ፤ አለዚያ ዛፉ ለዓመታት እንደቀጨጨ ይቀራል። መጋጠሚያው ከአፈር በላይ ይሁን። በችግኙ ዙሪያ የሚነጠፈው የሣር ጉዝጓዝ ምስጥ እንዳይጠራ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ።

ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠው ሁሉ የአገር ማንጎ ስለሆነ በየጊዜው ይቀንጠስ። ካልተቀነጠሰ የላይኛውን ቀድሞ ያድግና የተገዛው ኬንት ተውጦ ይቀራል። ግንዱ አንድ ሜትር ሲሞላ ጫፉ ይቆረጥ፣ ሦስት አራት ቅርንጫፍ ያወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚመጣው አበባ ምንም ቢያሳሳ ይነሣ፤ ለጋ ዛፍ ፍሬ ከተሸከመ አያድግም።

ለቀማ ላይ ኪትን በቀለም አትጠብቁት። ትከሻው ሞልቶ፣ ፍሬውን የያዘው እንጨት ከተጣበቀበት ቦታ በላይ ከፍ ሲል አንድ ፍሬ ቆርጣችሁ እዩ፤ በዘሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ ቢጫ ከሆነ ደርሷል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እንጨት ተትቶ በመቀስ ይቆረጥ። ከዚያ በጥላ ሥር እንጨቱ ያጥርና ፍሬው ለግማሽ ሰዓት ያህል አፉን ወደ ታች ይደፋ፤ የሚንጠባጠበው ወተት ቆዳው ላይ ከፈሰሰ አቃጥሎ ጥቁር መሥመር ይተዋል፣ ነጋዴም በዚያች መሥመር ዋጋ ይቀንሳል።