የሚያፈስ ራዲያተር፦ ማስበየድ፣ ያገለገለ መግዛት ወይስ አዲስ?

የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ መስመር መውጣት የጀመረው የአባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንያያዝ ነበር። ያናደደኝ መሞቁ ብቻ አይደለም፤ ሚኒባሱ አዲስ ራዲያተር ከተገጠመለት ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። መካኒኩ «ራዲያተሩ ነው» ብሎ አስቀየረን። ውሃውን ሲጨርስ የከረመው ግን የውሃ ፓምፑ ነው። ከፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ብረቱ ላይ ሮዝ ቅርፊት ሠርቷል። ማንም ጎንበስ ብሎ አላየውም።

ስለዚህ «የትኛውን ራዲያተር ልግዛ?» ለሚለኝ ሁሉ አስቀድሜ የምመልሰው አንድ ነው፦ የሚፈስበትን ቦታ በዓይንዎ ሳያዩ ገንዘብ አያውጡ። ማታ መኪናው ሥር ካርቶን ዘርግተው ይደሩ። ጠብታው ከፊት መከላከያው ጀርባ ከወደቀ ራዲያተሩን ወይም የታችኛውን የላስቲክ ቱቦ ይጠርጥሩ፤ ቺንጋው ከሚዞርበት በኩል ከሆነ ፓምፑን። ካርቶኑ ደርቆ ያድርና ውሃው ግን ይጎድላል እንበል። ጋቢናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ካለና የፊት መስታወቱ በቅባታም ጉም ከተሸፈነ፣ የሚያፈሰው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሲያስነሱት አረፋ ሳያቋርጥ ከተንፈቀፈቀ፣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ሥር የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ካገኙ፣ ጥርጣሬው ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና አካል መካከል ወዳለው ማሸጊያ፣ ይዞራል። ያን ጊዜ የትኛውም ራዲያተር አያድንዎትም። የእጅ ፓምፕ ያለው የግፊት መለኪያ ወዳለበት ጋራዥ መሄድ ከሁሉ ይሻላል፤ ሞተሩ ሳይነሣ ውሃው ውስጥ ግፊት ይሞላና የሚያፈሰው ቦታ ራሱ ይናገራል።

የራዲያተሩን ክዳንም አይናቁት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ብዙ የጃፓን መኪኖች ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) ደግሞ መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ ግድም ነው። በመካከል ያለችው ልዩነት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች ይመልከቱ። 0.9 የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ነጥብ 115 አካባቢ ያደርሰዋል። ሞላው ከደከመ ውሃው ገንፍሎ ይወጣል፤ ባለቤቱም «ራዲያተሬ አፈሰሰ» ይላል። ከአማራጮቹ ሁሉ ርካሹ ክዳን መቀየር ነው። ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን።

ራዲያተሩ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ምርጫው ይከፈታል።

ማፍሰሻ የሚደፍን ዱቄት ወይም ፈሳሽ መጨመር ጥገና አይደለም። ከመንገድ ወደ ቤት ያደርስዎት ይሆናል። ቀጭን ስንጥቅ የሚደፍነው ያው ነገር የማሞቂያውንና የራዲያተሩን ጠባብ ቱቦዎችም ይደፍናል።

አሮጌው የመዳብ ራዲያተር ያለው ሰው ማስበየድን ሳያስብ አይጣለው። መዳብ በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል ይበየዳል፤ ችቦና ልምድ ያለው ሰው ከተገኘ ከከተማ ርቆም ይጠገናል። ጎጃምና ወሎ ለሚመላለስ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በያጁን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ቱቦውን ጠገንከው ወይስ ሁለቱን ጫፍ ደፈንከው? የተደፈነ ቱቦ አያፈስም፤ አያቀዘቅዝምም። አንድ ሁለት ቢደፈኑ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ ሲሆን ከተማ ውስጥ ደኅና የነበረው መኪና ዳገት ላይ ይሞቃል። መሃሉ (ቱቦዎቹና ክንፎቹ ያሉበት) በሙሉ በአዲስ ከተቀየረና ዳርና ዳሩ የድሮው ከሆነ ግን፣ በእኔ ዓይን ለገጠር መንገድ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ያገለገለ ለመግዛት ሶማሌ ተራ፣ የአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ የሚወርድ ሰው ዓይኑንና ጥፍሩን ይዞ ይውረድ። ክንፎቹን በጣት ሲነኩ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ሆነው ከረገፉ ይተዉት። በአንገቱ ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ቡናማ ጭቃ ካለ በዝገት ውሃ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ አየር ተሞልቶ፣ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲነከር አረፋ አለመውጣቱን ቆመው ይዩ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አልገዛም።

አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ አልሙኒየም፣ ዳርና ዳሩ ፕላስቲክ ነው። ቀላል ነው፣ በደንብም ያቀዘቅዛል። ድክመቱ ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት እየደረቀ አንገቱ ጋ መሰንጠቁ ነው፤ ከተሰነጠቀ በኋላ በማጣበቂያ ማባበል አይበጅም። ለአንድ ሞዴል መኪና የመሃሉ ውፍረት 16 ሚሊ ሜትር የሆነም 26 ሚሊ ሜትር የሆነም ሊቀርብ ስለሚችል ማስመሪያ ይዘው ይሂዱና ከአሮጌው ጋር ይለኩ። ቀጭኑ በርካሽ ይሸጣል፤ ሰው ሞልቶ ዳገት ለሚወጣ ሚኒባስ ግን አይሆንም። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮ ዘይት መግቢያና መውጫ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ።

ከተማ ውስጥ ለሚውል የቤት መኪና፣ ባለቤቱም ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ብቻ የሚጨምር ከሆነ፣ አዲሱን አልሙኒየም እመርጣለሁ። በየመንገዱ የቧንቧና የወንዝ ውሃ የሚጨመርበት መኪና ግን ውሃው አልሙኒየሙን ቶሎ ስለሚበላው በመዳቡ ይቆይ። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ተቀላቅለው ይጨመሩ። የተለመደው ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገሩ ግን መርዝ ስለሆነ የፈሰሰውን ሕፃንና ውሻ ሳይደርስበት ይጠቡት።

ከተገጠመ በኋላ ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ቀዝቃዛውን ሞተር ያስነሡ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው የላይኛውን ቱቦ በእጅ ጨመቅ ጨመቅ እያደረጉ አየሩን ያስወጡ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ መጠኑን ይዩ። ትንሽ ከጎደለ የቀረ አየር ወጥቶ ነው፤ ይሙሉት። በሦስተኛው ቀንም ከጎደለ ካርቶኑን እንደገና ይዘርጉ።