ገንዳችንን ላለበሱት ባለሙያዎች ምስጋና፣ ገንዳ ለሚያለብስ ሁሉ ጥቆማ

ቢሾፍቱ ያለውን የእንግዳ ማረፊያችንን መዋኛ ገንዳ ላይነር (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ልባስ) ያለበሱልንን ፎርማንና ሁለት ረዳቶቻቸውን በአደባባይ እናመሰግናለን። እጃችሁ ይባረክ፣ ክበሩልን። «አሪፍ ሠሩልን» ብሎ ማለፍ ግን ለእነሱም ለእናንተም አይጠቅምም። ስለዚህ ምን እንደሠሩና ለምን እንደዚያ እንደሠሩ እንዘርዝረው። ሌላ ባለሙያ ብትቀጥሩም ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት ታውቃላችሁ።

ገንዳው ኮንክሪት ነው፤ ሴራሚክ የለበሰ፣ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ1.20 እስከ 1.80። ውሃ ይቀንሳል። ፎርማኑ ስለ ላይነር ከማውራታቸው በፊት ባልዲ አስመጡ። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ሞልተው፣ ውስጡ ድንጋይ አድርገው ደረጃው ላይ አስቀመጡት። የውስጡንና የውጭውን የውሃ ልክ በማርከር አሰመሩ። ፓምፑ ጠፍቶ 24 ሰዓት ይቆያል። ባልዲው ውስጥ ያለው የቀነሰው ፀሐይና ነፋስ የወሰዱት ነው፤ ገንዳው ከዚያ በላይ ከቀነሰ ልዩነቱ ፍሳሽ ነው። በ50 ካሬ ገንዳ ላይ 1.5 ሳንቲ ማለት 750 ሊትር ነው። ከዚያ ያንኑ ሙከራ ፓምፑ እየሠራ ይደግሙታል። ፓምፑ ሲሠራ ፍሳሹ ከጨመረ ጥፋቱ የቧንቧው ነው፣ ያን ጊዜ ላይነር ማልበስ ገንዘብ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ይህን ሳያደርግ ሜትር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ዕቃው። ገበያው ላይ የሚቀርቡላችሁ አራት ዓይነት ናቸው ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም። ኢፖክሲ ቀለም ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፤ ከኮንክሪቱ ጀርባ እርጥበት ካለ እየገፋ ይልጠዋል። ሁለተኛው ለመስኖ ኩሬ የምናውቀው ጥቁሩ ጂኦሜምብሬን ነው። ለኩሬ ሁነኛ ዕቃ ነው፣ ፀሐይንም ይችላል። ለመዋኛ ግን ደረቅ ስለሆነ ማዕዘንና ደረጃ ላይ አይታጠፍም፣ ፀሐይ ሲመታው ይለጠጥና ይጨማደዳል። ከሁሉ በላይ ጥቁር ወለል ላይ የሰመጠ ልጅ አይታይም። በዚህ ነጥብ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ሦስተኛው 0.75 ሚሊ የሆነው ተራ ፒቪሲ ላይነር ነው። ፋብሪካ ውስጥ በገንዳው ልክ ተበይዶ አንድ ከረጢት ሆኖ ይመጣል። ለትንሽ የግቢ ገንዳ፣ ቅርጹ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ አይናቅም። ችግሩ ልኬቱ ሲሳሳት መመለሻ የለውም፤ ሹል ነገር ሲነካውም ቶሎ ይበሳል። አራተኛው እነሱ የመረጡልን ነው፦ 1.5 ሚሊ ፒቪሲ፣ መሃሉ የፖሊስተር መረብ ያለው። በሮል ይመጣል፣ እዚያው ገንዳው ውስጥ በሙቅ አየር ይበየዳል። መረቡ መለጠጥንና መቀደድን ይከላከላል፣ የገንዳው ቅርጽ ምንም ይሁን ምን ይቀበላል። ዋጋው ከሦስተኛው ይበልጣል። ብዙ ሰው ለሚዋኝበት ገንዳ ግን እኛም ሌላ አንመክርም።

ቀለሙን በተመለከተ ጥቁር ሰማያዊ ፈልገን ነበር፤ ፎርማኑ ፈካ ያለውን አስመረጡን። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ናት፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጠቆር ያለ ቀለም በውሃው መስመር ላይ መንጣቱና የካልሲየም ነጭ ጠባሳው ቶሎ ይታይበታል።

ዕቃው ሲመጣ እንዴት እንደሚመረመርም ከእነሱ ተማሩ። ከሮሉ ጫፍ ጣት የምታህል ቁራጭ ይቆርጣሉ፤ የተቆረጠው ጎን ላይ የመረቡ ክሮች በነጭ ነጠብጣብ ተሰልፈው ካልታዩ ዕቃው የተባለው አይደለም። ውፍረቱን በካሊፐር ይለካሉ። የሁሉም ሮሎች የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ያያሉ፣ አለዚያ ውሃ ሲሞላ የቀለም ልዩነቱ እንደ ተጣጣፈ ልብስ ይታያል።

ብዛቱን እዚያው ወረቀት ላይ ነው ያሰሉት። ሮሉ 1.65 በ25 ሜትር ነው። 5 ሳንቲ ለመደራረቢያ ሲቀነስ 1.60 ይቀራል። ወለሉን በቁመቱ ቢያነጥፉት 4 ባለ 10 ሜትር ቁራጭ፣ ማለትም 40 ሜትር ሮል ይፈጃል፤ በወርዱ ሲሆን 7 ባለ 5 ሜትር፣ 35 ሜትር ይበቃል። ግድግዳው ዙሪያው 30 ሜትር ነው፣ 19 ቁራጭ፤ ወደ ወለሉ የሚወርደው 10 ሳንቲ ተጨምሮ በአማካይ 1.60 ርዝመት፣ ወደ 30.5 ሜትር። ድምሩ 65.5 ሜትር፣ ስለዚህ 3 ሮል። የተረፈው 9 ሜትር ከምናምን ለደረጃው፣ ለማዕዘንና ለመጠገኛ። 4 ሮል ወይም 5 ሮል ለሚሏችሁ ይህን ስሌት አሳዩአቸው።

ከሥሩ ያለው ሥራ ካልተጣራ ምርጡ ላይነርም ዕድሜ የለውም። የላላ ሴራሚክ ተነቅሎ በሲሚንቶ ይሞላል፣ የተሰበረ ጠርዝ በግራይንደር ይለሰልሳል። የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠጠር እንኳ በውሃው ክብደት ላይነሩ ላይ እንደ ብጉር ትወጣለች፣ ከዚያ እግር እየረገጣት ትበሳዋለች። ቀጥሎ ግድግዳውም ወለሉም በበረኪና ይታጠባል፤ ከጀርባ የሚበቅል ሻጋታ ፒቪሲውን አልፎ ሮዝ ወይም ጥቁር እድፍ ይሆናል፣ ከፊት ብትፈትጉት አይለቅም። ሬንጅ የተቀባ ቦታ ካለ ደግሞ ከላይነሩ ጋር መነካካት የለበትም። ሬንጁ ፒቪሲውን የሚያለሰልሰውን ዘይት ይመጥጠዋል፣ ላይነሩ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ከላይነሩ ሥር ባልተሸመነ ጂኦቴክስታይል (መደላደያ ጨርቅ) ይለብሳል፤ እኛ ያስነጠፍነው በካሬ ሜትር 400 ግራም ነው።

ላይኛው ጠርዝ ላይ ፒቪሲ የተቀባ ላሜራ በፊሸርና በብሎን ዙሪያውን ይታሰራል፤ ላይነሩ እሱ ላይ ይበየዳል። በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ጠርዝ እየተላቀቀ ይወርዳል።

ብየዳው ግን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። የእጅ ብየዳ ማሽኑ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል፣ ትክክለኛው ቁጥር ግን በየጠዋቱ ይለያያል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሁለት ቁራጭ በይደው፣ ቀዝቅዞ በፒንሳ ያላቅቁታል። መጋጠሚያው ከተላቀቀ ብየዳው ቀዝቃዛ ነበር። ፒቪሲው ራሱ ተቀዶ ክሩ ከወጣ ደህና ነው። የሚያጨስና የሚጠቁር ከሆነ ደግሞ ተቃጥሏል። ከከተማው መብራት ይልቅ ጀነሬተር የጠየቁን ለዚህ ነው፦ ቮልቴጅ ሲወርድ ማሽኑ አይጠፋም፣ ዝም ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ስፌቱ ከላይ ሲያዩት ግን ያማረ ነው። ረዥምና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም ያው ነው። ቀዝቃዛው ብየዳ ከወራት በኋላ ጥልቁ ጋ ይከፈታል።

ሦስት ድርብ የሚገናኙበት ነጥብ ላይ የመሃሉን ጠርዝ በቢላ ቀጠን አድርገው በጠባቧ የነሐስ ሮለር ይጫኑታል። ይህ ካልተደረገ እዚያች ነጥብ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቦይ ትቀራለች። ሲጨርሱ ትንሹ ረዳት ተንበርክኮ በደነዘ ካቻቢቴ የስፌቱን ጠርዝ ሜትር በሜትር ጎረጎረው። ካቻቢቴው የገባበት ሁለት ቦታ ተገኘ፣ ሁለቱም በማርከር ተከብቦ እንደገና ተበየደ። ከዚያ በኋላ ብቻ ፈሳሽ ፒቪሲ በጠርዙ ላይ ይፈስሳል። ሥራው የላላ ብየዳ መሸፈን አይደለም፤ የተቆረጠው ክር ውሃ እንዳይመጥ መድፈን ነው። ብየዳው ሳይፈተሽ ፈሳሹ ሲፈስ ካያችሁ አስቁሙ።

መብራት፣ ስኪመር (የውሃውን ገጽ የሚጠርገው መሳቢያ)፣ የታችኛው መውጫና የውሃ መመለሻዎቹ በሴራሚክ ገንዳ ላይ ብዙውን ጊዜ ለላይነር የሚሆን ፍላንጅ (ላይነሩን በብሎን ጨብጦ የሚይዝ ክፈፍ) የላቸውም። አስቀድሞ መለወጥ አለባቸው። ላይነሩ በሁለት የጎማ ጋስኬት መሃል ይገባል፣ ብሎኖቹ በተቃራኒ በተቃራኒ ይጠበቃሉ፣ ቀዳዳው የሚቆረጠው ከጠበቀ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚቆርጥ ሰው ላይነሩ ሲሸሽበት መመለሻ ያጣል።

ሲያስረክቡን የሰጡን ትእዛዝ አጭር ነው። ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልክ) ከ7.2 እስከ 7.6 ይሁን። ዱቄት ክሎሪን በባልዲ ሳይሟሟ አይበተን፣ ታብሌትም ወለሉ ላይ አይጣል፤ ያረፈበትን ቦታ ያነጣዋል። የውሃው ሙቀት ከ32 ዲግሪ አይለፍ። በክረምት ገንዳው ከውሃ አይራቆት፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሲወጣ ላይነሩን ከወለሉ አንስቶ እንደ ፊኛ ይነፋዋል።

የፎርማኑን ስልክ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እሳቸውን አስፈቅደን እንልካለን። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ግን አዲስ ሥራ አይቀበሉም፤ እርጥብ ፒቪሲ አይበየድም። ጥቅምት ላይ ለማስጀመር የምታስቡ ልኬታችሁንና የፍላንጆቹን ፎቶ ከወዲሁ አዘጋጁ።